ሳይሸፈን አይከፈት

ቀለም ቀቢ ደጄ ሲቆም መጀመሪያ የማየው በእጁ የያዘውን ነው። ሩሎና ብሩሽ ብቻ አንጠልጥሎ ከመጣ አላስገባውም። ላስቲኩ የት አለ? ካርቶኑስ? የወረቀት ፕላስተሩስ? የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን የሚፈታበት ካቻቢቴስ? «ችግር የለም እትዬ፣ አሮጌ ጋዜጣ ካለ ጣል ጣል እናደርግበታለን» ካለኝ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ አመስግኜ እሸኘዋለሁ። ጎረቤቶቼ አስቸጋሪ ይሉኛል። ይበሉኝ። ሰው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ በዕቁብ የተገዛ፣ ከእናት የተወረሰ፣ ዐረብ አገር ያለች እህት በላቧ የላከችው ነው። ያንን የማይሸፍን እጅ ግድግዳዬን ቢያሳምርልኝ ምን ይረባኛል?

የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬን ለማለዘብም አልሞክርም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ማስቀባት ማለት ግድግዳውን አድሶ የቀረውን ማበላሸት ሆኗል። ይህንንም ሁላችን «ምን ይደረግ፣ ቀለም ነው፣ መንጠባጠቡ አይቀርም» ብለን ተቀብለነዋል። መንጠባጠቡስ አይቀርም። የት ላይ እንደሚንጠባጠብ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ካርቶን ላይ ወይስ ፓርኬ ላይ? ይህ ጥያቄ ባልዲው ከመከፈቱ በፊት ካልተመለሰ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

እስቲ በቅርቡ የተቀባ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁን ከግድግዳው ላይ ዝቅ አድርጉ። ዞኮሎው ጠርዝ ላይ ብሩሹ ወጣ ገባ እያለ አልፏል። ወለሉ ላይ ከሩሎ የተፈናጠረ ነጠብጣብ አለ፤ ማታ አይታይም፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። የበሩ ማጠፊያ ቀለም ጠጥቶ ደርቋል። የቁልፉ ቀዳዳ ተደፍኖ ቁልፉ በግድ ይዞራል። የሶኬቱ ክዳን ከግድግዳው ጋር በቀለም ተጣብቋል፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ መጥቶ ሊፈታው ሲል የብሎኑ ጥርስ በቀለም ስለተሞላ ካቻቢቴ አይዘውም፣ በስንት መከራ ሲነሳም የግድግዳውን ቀለም ገሽልጦ ይዞት ይመጣል። የመስኮቱ መስታወት ዙሪያውን ተለቅልቋል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንኳ አልተረፈም። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው ግድግዳውን አሳምሮ ቀብቶታል! ስቱኮው ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፣ የኮርኒሱና የግድግዳው መገናኛ ቀጥ ያለ ነው። እጁ ሙያ አላነሰውም። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ወለል ያበላሸው አቅቶት አይደለም።

ቀቢው ሂሳቡን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያጸዳው ሁላችን እናውቃለን። እናቶች ናቸው። የቤት ሠራተኞች ናቸው። በምላጭ እየፋቁ፣ በሽቦ እያሹ፣ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ይዘው በጉልበታቸው ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳሉ። ለሠራተኛዋ ስለዚህ ጉልበት ደመወዝ የጨመረላት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የዘይት ቀለም ሲሆን ደግሞ በውሃ አይለቅም፣ አኳራጅ ይፈልጋል፤ አኳራጁ ቀለሙን ሲያነሳ የፓርኬውን ቫርኒሽም አብሮ ያነሳዋል፤ ነጠብጣቡ በነበረበት ቦታ የደበዘዘ ክብ ይቀራል፣ እሱን ለማስተካከል ክፍሉ በሙሉ ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ መቀባት አለበት። በቤንዚን የሚያጸዱም አይቻለሁ፤ ያውም ምድጃው ላይ ከሰል እየነደደ፣ ቡና ሊፈላ ረከቦት በቀረበበት ሳሎን። ቤንዚን ተንኖ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት እንደሚያነሳ እያወቁ ነው ወይ ብዬ መጮሄን አስታውሳለሁ። ካርቶን ቢነጠፍ ኖሮ ቤንዚኑም፣ ምላጩም፣ የቆሰለው ጉልበትም አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ቀቢው ይቀስራል። እኔ መጀመሪያ የምቀስረው ወደ አሠሪው ነው። ዋጋ ስንነጋገር አፋችን የሚያወጣውን ስሙ፦ «ካሬውን በስንት?» ካሬ ተብሎ የሚለካው ግድግዳና ኮርኒስ ነው። ስቱኮ ሁለት እጅ፣ ቀለም ሦስት እጅ፣ ካሬው ይህን ያህል፣ ጠቅላላው ይህን ያህል፣ ጨረስን። ወለሉ በሂሳቡ ውስጥ የለም። ቁም ሳጥን ማንሳት የለም። መስኮት መሸፈን የለም። ክዳን መፍታትና መልሶ መግጠም የለም። ሥራው ሲያልቅ መጥረግና መወልወል የለም። ከዚያም አልፈን የተጠራውን ዋጋ እንከረክራለን፤ «ሌላ ሰው በዚህ ያህል እሠራልሻለሁ ብሎኛል» እንላለን። ቀቢውም ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፣ እሺ ይላል።

እሺ ያለበትን ብር ከየት ያምጣው? ከግድግዳው አይቀንስ፤ ግድግዳው ይታያል፣ ይለካል፣ ሦስተኛው እጅ መዝለሉ ይታወቅበታል። ስለዚህ ካልተለካው ይቀንሳል። ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ያለውን ቤት ዕቃውን አንስቶ፣ መሐል ሰብስቦ፣ ወለሉን አንጥፎ፣ መስኮቱንና በሩን ሸፍኖ፣ ክዳኑን ፈትቶ ለመጨረስ ሁለት ሰው ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ያ ቀን በስምምነቱ ውስጥ ከሌለ ቀቢው ያን ቀን ሲሠራ በነፃ መሥራቱ ነው። በነፃ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ አንሶላ ጣል አድርጎ ሩሎውን ያነሳል። ሦስት መቶና አምስት መቶ ብር ተከራክሮ ያስቀነሰ አሠሪ ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ፓርኬው ነው፣ የምትከፍለው በምላጭ የምትፍቀው ልጅ ናት።

ይህን ስል ቀቢውን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ሙያተኛ ነኝ የሚል ሰው ሥራው ምን ምን እንደሚያጠቃልል ተናግሮ ዋጋ የመጥራት ግዴታ አለበት። «መሸፈኛውን ጨምሮ ይህን ያህል፤ ካልሸፈንኩ አልሠራም» ማለት አለበት። እንዲህ የሚሉ ቀቢዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ውድ ይባላሉ፣ ሥራ ይቀርባቸዋል። እነሱ ሥራ እያጡ ጋዜጣ ጣዩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ማየት ያበግነኛል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የሀገሬ ሰው፤ እኛ ግን የምናስቀባበትን ጊዜ ራሱን ለጥድፊያ የመረጥነው ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለን ከርመን ለእንቁጣጣሽ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንነሳለን። ዝናቡ አላባራም፤ ዕቃ ወደ ግቢ ማውጣት አይቻልም። አየሩ እርጥብ ነው፤ ስቱኮው በወጉ አይደርቅም። ቀቢው በአንድ ጊዜ ሦስት ቤት ይዟል፣ ጳጉሜን ስትገባ ስልኩን አያነሳም። ሠርግ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ድንኳኑ ሊተከል ሲል ነው ሳሎኑ የሚቀባው። በዚህ ጊዜ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑና አልጋው መሐል ላይ ይከመርና አንድ ስስ ጨርቅ ይጣልበታል። የፕላስቲክ ቀለም ጠብታ ስስ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ዘልቆ ሶፋው ላይ እንደሚደርስ ማንም ያውቃል፤ ግን ነገ እንግዳ ይመጣል። በዓሉ አንድ ቀን ነው። ሶፋው ላይ ያለው ነጭ ጠብታ የሚመጡትን በዓላት ሁሉ እዚያው ሆኖ ያከብራቸዋል።

አሁን እንዴት መሸፈን እንዳለበት ልናገር፤ ብዙ ሰው «ሸፍኜ ነበር እኮ» የሚለኝ ያላግባብ ሸፍኖ ነውና።

ሁልጊዜ የምጣላበት ጉዳይ ላስቲክ ነው። ሰው ላስቲክ ካየ ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል። ስስ ላስቲክ የዕቃ ልብስ ነው እንጂ የወለል ምንጣፍ አይደለም። ወለል ላይ ሲነጠፍ መሰላሉ ይንሸራተትበታል፣ ሰው ይወድቅበታል። ደግሞ ላስቲክ ጠብታ አይመጥም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆይና በቀቢው ጫማ ተጣብቆ ኮሪደሩን አቋርጦ ማድ ቤት ይደርሳል። ለወለል የሚሆነው የሚመጥ ነገር ነው፤ ወፍራም ሸራ ወይም የተዘረጋ ካርቶን። የፍሪጅና የቴሌቪዥን ማሸጊያ ካርቶን እየተለመነ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው። ከመነጠፉ በፊት ወለሉ በደንብ ይጠረግ፤ ካርቶኑ ሥር የቀረ አሸዋ በሰው እግር እየታሸ ፓርኬውን ይሞነጭረዋል። ካርቶኑ እርስ በርሱ ይያያዝ፣ ክፍተት አይኑረው፤ ጠብታ ክፍተቱን ፈልጎ ያገኘዋል። ጋዜጣ ግን ከነአካቴው ይቅር። ስስ ነው፣ ይረጥባል፣ ይቀደዳል፣ ቀለሙን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ሲረጥብም የራሱን የሕትመት ቀለም ወለሉ ላይ ያትማል።

ፕላስተርም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ካርቶን የሚታሸግበት ቡናማው ፕላስተር ፓርኬና ቫርኒሽ በር ላይ ከተለጠፈ ሲነሳ ቫርኒሹን ይዞ ነው የሚነሳው። ለዚህ ሥራ የተሠራው የወረቀት ፕላስተር ነው። እሱም ጠርዙ በጣት ወይም በስፓቱላ ካልተጫነ ቀለም ከሥሩ ይገባል። የሚነሳበትም ጊዜ አለው፤ የመጨረሻው እጅ ተቀብቶ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ቀስ ተብሎ፣ ወደ ራሱ እየታጠፈ ይነሳል። አንዳንዱ ቀቢ ለጥፎት ይሄዳል፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከከረመ ማጣበቂያው ይደርቅና መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ያኔ ፕላስተሩ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

ዕቃ መሐል ላይ ሲሰበሰብ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ መሰላል መቆሚያ፣ ሰው መዞሪያ ይፈልጋል። ላስቲኩ ከላይ ብቻ ተጥሎ አይበቃም። ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ የሚነሳው ዱቄት እንደ ጭጋግ አየሩን ሞልቶ ከጎንም ከሥርም ይገባል፤ ስለዚህ ላስቲኩ ወለል ድረስ ወርዶ ዙሪያውን ይታሸግ። ፍሪጅ እየሠራ በላስቲክ አይጠቀለል፤ ከጀርባው የሚያወጣው ሙቀት መሄጃ ያጣል። መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል፣ ምግቡ ጎረቤት ይደር፣ ከዚያ ይሸፈን። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ግን ከቤቱ ይውጡ፤ ያ ዱቄት ገብቶ የማይነካው ነገር የለም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የእንጀራው መሶብ ከማድ ቤቱ ይውጣ። ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕለ አድኅኖና የቤተሰብ ፎቶዎች በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ የሟች አባት ፎቶ ሌላ ቅጂ የለውም። የሚቀባው ክፍል በር ላይ ላስቲክ ይጋረድ፣ ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ወጪ ገቢው እግሩን ይጥረግበት።

የሶኬት ክዳን ስለማይፈታ ሰው ምን ልበል? ከቆጣሪው በኩል መብራቱን አጥፍቶ ሁለት ብሎን መፍታት ነው! ብሎኑን በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ ክዳኑ ላይ መለጠፍ ነው! የበር እጀታም፣ የመጋረጃ ብረትም እንዲሁ። ክዳኑ ተፈትቶ የተቀባ ግድግዳና ዙሪያውን በብሩሽ ጫፍ እየተፈራ የተቀባ ግድግዳ ዘለዓለም ይለያያሉ። ይህን ሥራ እየዘለለ «ልምድ አለኝ» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ጠብታስ ካመለጠ? የፕላስቲክ ቀለም እርጥብ እያለ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይነሳል። ከደረቀ በኋላ ነው ምላጭ የሚፈልገው። ስለዚህ ቀቢው ኪሱ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ይኑረው፤ ከላይ ወደ ታች ይሥራ፤ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ መጨረሻ ላይ ዞኮሎ።

«ይህ ሁሉ ፓርኬ ላለው ሰው ነው» የሚሉኝ አሉ። በፍጹም! አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት አልጋዋም፣ ምድጃዋም፣ ልብሷም፣ የልጇ ደብተርም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃ ማሸሻ ሌላ ክፍል የላትም። አከራይዋ «ነገ ቀቢ ይመጣል» ብሎ ሲነግራት ሊሾው ላይ ለሚያርፈው ጠብታ አትጨነቅ ይሆናል፤ ፍራሿ ላይ ለሚያርፈው ዱቄት ግን ትጨነቃለች፣ ማታ የምትተኛው እዚያው ላይ ነው። መሸፈን ለማን ይበልጥ ያስፈልጋል? ማሸሻ ለሌለው። ተከራይ ባለበት ቤት ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ መሸፈኛ የሚያስቀባ አከራይ በሰው ንብረት ላይ ጉዳት እያደረሰ ነው፤ ግድግዳው የእሱ ቢሆንም ፍራሹ የእሱ አይደለም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ወለል ይላጋል፣ የሶፋ ጨርቅ ይቀየራል። የሕፃን አእምሮ ግን አንዴ ከተጎዳ አይመለስም።

የድሮ ቤቶቻችን በሮችና የብረት መስኮቶች በዘይት ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ። ዘይት ቀለም ውስጥ ደግሞ ለቀለሙ ድምቀትም ቶሎ እንዲደርቅም ተብሎ እርሳስ፣ ማለት ሊድ የሚባለው ብረት ሲጨመር ኖሯል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል። ጥሩ ደንብ ነው፣ ለእሱ የደከሙትን አመሰግናለሁ። ደንቡ ግን የሚመለከተው ከፋብሪካ የሚወጣውን ቀለም ነው። ከዚያ በፊት በሩ ላይ የተቀባው እዚያው በሩ ላይ ነው፤ አዋጅ አይፍቀውም። የሚፍቀው ብርጭቆ ወረቀት የያዘው ልጅ ነው፤ በደረቁ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት።

የዓለም ጤና ድርጅት በተደጋጋሚ እንደሚለው ለእርሳስ «ይህን ያህል አይጎዳም» ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም። በትንሹም ቢሆን የልጅን የመማርና የማስተዋል ችሎታ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከወሰደችው ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሕፃን መሬት ላይ ይድሃል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ወለሉ ላይ ያረፈው ዱቄት የሚሄደው ወደዚያ ነው። እኛስ ምን እናደርጋለን? በሩ ተፍቆ ሲያልቅ መጥረጊያ አንስተን እንጠርጋለን! መጥረጊያ ያን የላመ ዱቄት አያነሳውም፣ መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል እንጂ።

አሮጌ ዘይት ቀለም ሲፋቅ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ከቤት ይውጡ። በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ውጭ ቢፋቅ ይሻላል፤ ካልተቻለ እየረጠበ በእርጥቡ ይፋቅ፣ ዱቄቱ እንዳይነሳ። እዚህ ላይ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ቅድም ስለ ወለል ያልኩትን ያልዘነጋ አንባቢ ምክንያቱን ይገነዘባል፣ የተፋቀው ቅርፊት በሙሉ ከላስቲኩ ጋር ተጠቅልሎ መውጣት አለበት። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተደጋግሞ ይወልወል። ከዚያ በኋላ ነው ልጅ የሚመለሰው።

ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ፤ ቀለም መቀባት የተማረው እዚሁ ነው፣ እዚያም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አሜሪካኖች ለመኖሪያ ቤት የእርሳስ ቀለምን የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ ዓመት በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ቀቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚገዛው ሕግ አለ። በክፍያ የሚሠራው ድርጅት የምስክር ወረቀት ይኖረዋል፤ ከሚፋቀው ቦታ በየአቅጣጫው ቢያንስ ስድስት ጫማ፣ ወደ ሁለት ሜትር ግድም መሆኑ ነው፣ ወለሉ በላስቲክ ይሸፈናል፤ በሩ ይዘጋል፣ የአየር ማስገቢያው ይታሸጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ጽዳቱ ይፈተሻል። የአክስቴ ልጅ «መሸፈኑን ሳንጨርስ ባልዲ ብከፍት አለቃዬ ያን ቀን ያባርረኛል» ይለኛል። አዲስ አበባ ሳለ ግን እንደ ጓደኞቹ ጋዜጣ ጣል አድርጎ ነበር የሚቀባው። እጁ ያው እጅ ነው! የተለወጠው የመሸፈኑ ቀን በዋጋው ውስጥ መግባቱና ሕጉ መኖሩ ነው። ስለዚህ «የእኛ ሰው አይለምደውም» የሚል ሰው ፊቴ ባይቆም እመርጣለሁ። የእኛ ሰው የተከፈለበትን ይሠራል።

ስለ ቀቢው ጤና የሚያነሳ አለመኖሩም ያሳዝነኛል። ስቱኮ ሲፈትግ ውሎ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ የሚወጣውን ልጅ አይተን «በርታ» ብለን እናልፋለን። አፍና አፍንጫው ላይ ምንም የለም። ማታ ወተት ይጠጣል፤ ወተት ያጥበዋል ብለው ታላላቆቹ ነግረውታል። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የገባን ዱቄት አያጥብም። ወንድሜ፣ ወተቱን ጠጣው፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ጭምብል አድርግ፣ ግድግዳውን እያረጠብክ ፈትግ፣ የምትለብሰውን የሥራ ልብስ ለልጆችህ ስትል እቤትህ ይዘህ አትግባ።

ከቤት ውጭም ያው ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያልተቀባ የሕንፃ ፊት የለም ማለት ይቻላል። ነፋስ ባለበት ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ሩሎ የሚያንከባልል ሰው ቀለሙ የት እንደሚያርፍ አያይም፤ ሥር የቆመው መኪና ያያል፣ የተሰጣው ልብስ ያያል። መወጣጫውን በሸራ መጋረድ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ከእንግዲህ በእኔ ቤት ስምምነቱ የሚጻፍበት መንገድ ይህ ነው፤ ሌላውም ሰው እንዲህ እንዲጽፍ እለምናለሁ። ካሬው ለብቻው ይጻፍ። መሸፈን፣ መፍታት፣ መግጠምና ማጽዳት የሚባሉት ደግሞ በራሳቸው መስመር፣ በራሳቸው ዋጋ፣ በራሳቸው ቀን ይጻፉ። ላስቲኩን፣ ካርቶኑንና የወረቀት ፕላስተሩን ማን እንደሚገዛ ይጻፍ፤ እኔ ብገዛ ቅር አይለኝም። የተበላሸ ነገር ካለ ከየትኛው ክፍያ ላይ እንደሚታሰብ ሁለታችን ፈርመን እንያዝ። የቀለም ቅብ ሙያ የሚያስተምሩና የሚፈትኑ ተቋማትም ተፈታኙ ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት ክፍሉን እንዴት እንዳሰናዳው አይተው ነጥብ ይስጡ፤ ያልሸፈነ አይለፍ።

ክፍያው ደግሞ የመጀመሪያው እጅ ቀለም ሲያልቅ አይጀመር። የመጀመሪያውን ክፍያ ቤቱ ተሸፍኖ ሲያልቅ፣ አንዲት ባልዲ ሳትከፈት፣ አሠሪው ከክፍል ክፍል ዞሮ አይቶ በዚያው ቀን ይክፈል። ለዚያ ቀን ሥራ ከሙሉ ቀን ሂሳብ አንዲት ብር የሚቀንስ አሠሪ ነገ ስለ ፓርኬው መጥቶ ቢያለቅስብኝ አልሰማውም።